በሹካው ውስጥ ያለ አየር

ከደብረ ማርቆስ ከተማ ተነሥቶ በስናን በኩል ወደ ረቡዕ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ጮቄ ተራራ የሚያወጣው መንገድ ለእግረኛ ሌላ፣ ለመኪና ሌላ፣ ለብስክሌት ደግሞ ሌላ መልክ አለው። እግረኛው ዳገቱን በትንፋሹ ይለካዋል፤ መኪናው በማርሽ ይከፋፍለዋል። ብስክሌተኛ ግን መንገዱን የሚያውቀው በመዳፉ ነው። እያንዳንዱ ጠጠር፣ ክረምት የቦረቦረው እያንዳንዱ ቦይ፣ የጭነት መኪና ጎማ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ ያበጀበት እያንዳንዱ ስንዝር በፊት ጎማው ገብቶ፣ በሹካው ክንድ ወጥቶ፣ ከመሪው እስከ ትከሻው ይዘልቃል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ ጮቄ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ጠዋት የወጣ ሰው ማታ ቁልቁል መውረዱ አይቀርለትም፤ ችግሩም ያለው ከመውጣቱ ይልቅ በመውረዱ ላይ ነው።

በ2009 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ላይ፣ ከከተማው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ለነበረ ሰው፣ በውጭ አገር የሚኖረው ወንድሙ የተገለገለበትን የተራራ ብስክሌት ላከለት። መምህሩ እስከዚያ ጊዜ ድረስ መንገዱን በእግሩ ይመላለስ፣ ዕድል በቀናው ቀንም የጭነት መኪና ይለምን ነበር። በትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት ተከራይቶ እንዳያድር እናቱ ነበሩበት። ወይዘሮዋ ግላኮማ የተባለው የዐይን ሕመም ይዟቸው፣ ሐኪም በየምሽቱ ጠብታ እንዲደረግላቸው አዟል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ራሳቸው ያደረጉት እንደሆነ ጠብታው ከዐይናቸው ይልቅ ጉንጫቸው ላይ ያርፋል። ይህ ሕመም አንድ ጊዜ የወሰደውን ብርሃን መልሶ አይሰጥም፤ የቀረውን ማቆየት ግን ይቻላል። ስለዚህ ልጅየው ማታ ማታ እቤቱ መድረስ ነበረበት።

ብስክሌቱ በካርቶን ታሽጎ ሲመጣ፣ መለዋወጫ ካላማዳሪያና በጫፏ ሰዓት መሳይ መለኪያ ያላት አንዲት ትንሽ ፖምፓ አብረውት ነበሩ። መምህሩ በፖምፓይቱ ጎማ ለመንፋት ሞከረ። መቶ ጊዜ ቢገፋ ጎማው ምንም ለውጥ አላሳየም። «ይህስ ለሕፃን መጫወቻ የተሠራ ነው» ብሎ ስቆ መሳቢያ ውስጥ ወረወራት፤ እዚያው ሁለት ዓመት ተኛች። በሹካው አንድ ቱቦ ላይ የተጠለቀች ቀጭን የላስቲክ ቀለበትም ነበረች፤ እርሷንም ከማሸጊያው የተረፈች መስላው ተዋት። ከሹካው ግርጌ ባለችው ቀይ ቁልፍ ላይ የኤሊና የጥንቸል ሥዕል ተቀርጿል። ተማሪዎቹ ሥዕሉን ባዩ ቁጥር ተረቱን እንዲነግራቸው ይለምኑት ነበር፤ እርሱም ይነግራቸዋል። ቁልፉ ለምን እንደተሠራ ግን የጠየቀ የለም፤ እርሱም ራሱን አልጠየቀም።

በመሠረቱ የተራራ ብስክሌት የፊት ሹካ እንደ ተራው የከተማ ብስክሌት ሹካ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ከላይ የተወለወሉ ሁለት ቱቦዎች ይወርዳሉ፤ ከታች ጎማውን የያዙ ወፈር ያሉ ሁለት እግሮች ይቀበሏቸዋል፤ ላይኛው በታችኛው ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። በአንደኛው እግር ውስጥ ሸክሙን የሚችል ሞላ አለ። ረከስ ባሉት ሹካዎች ሞላው የተጠማዘዘ ሽቦ ሲሆን፣ በተሻሉት ግን የታመቀ አየር ነው። በሌላው እግር ውስጥ ደግሞ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ የሚያልፍበት ክፍል ይገኛል፤ ሥራውም ሞላው የተቀበለውን ኀይል በአንድ ጊዜ መልሶ እንዳይወረውረው መያዝ ነው። ዘይቱ ባይኖር ብስክሌቱ እንደ ኳስ ይነጥራል። በሁለቱ መገናኛ አፍ ላይ መካኒኮች ፓራኦሊ የሚሉት የጎማ ማኅተም ተቀምጧል፤ ዘይቱን ከውስጥ ይይዛል፣ ጭቃውን ከውጭ ይመልሳል። በዚህ አገር መንገድ ይህ ቀጭን ጎማ ከሁሉ የከበደ ሥራ አለበት።

የጎጃም ሰው ይህን ነገር ከፈረስ ያውቀዋል። በአዊ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል የተገኘ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ጥሩ ጋላቢ በኮርቻው ላይ እንደ ጆንያ አይጫንም፤ በእርካቡ ላይ ጉልበቱን ለዘብ አድርጎ የፈረሱን መነሣትና መውደቅ ይቀበለዋል፤ ተቀብሎም ያበርደዋል። ከመውጣቱም በፊት የኮርቻው ጠፍር ጠብቆ ወይም ላልቶ እንደሆነ በእጁ ይዳብሳል። መምህሩ ግን ብስክሌቱን ሁለት ዓመት ሲጋልብ ሹካውን አንድ ቀን እንኳ አልዳሰሰውም።

ይህ ከስንፍና የመጣ አልነበረም። ካቴናውን በየሳምንቱ በላምባ ያጥብ፣ ፍሬኑን ያጠብቅ፣ የጎማውን አየር ይጠብቅ ነበር። ሹካው ግን አይጮኽም፣ አያንጠባጥብም፤ እዩኝ የሚል ብሎን የለውም። ዝግ ነገር ደግሞ ጤነኛ ይመስላል። የዋልካው ጭቃ በፓራኦሊው ከንፈር ላይ ደርቆ፣ በበጋ የመንገዱ አቧራ በዚያ ላይ ተደርቦ፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የተወለወለውን ቱቦ ይፍቀው ጀመር። በውስጡ የታመቀው አየርም በወራት ብዛት ቀስ እያለ አለቀ። ሹካው ዝቅ ዝቅ አለ። መምህሩ ይህን ለውጥ በደስታ ነበር የተቀበለው፤ «አሁንማ ለስልሶልኛል» እያለ ለሥራ ባልደረቦቹ ይናገር ነበር።

በሚያዝያ ወር 2011 ዓ.ም.፣ አንድ ዐርብ ከሰዓት በኋላ፣ የታረሙ ደብተሮች በጀርባው አዝሎ ወደ ከተማ ሲወርድ መንገድ ላይ ፍየሎች ገቡ። የፊት ፍሬኑን ያዘ። አየር ያለው ሹካ በዚህ ጊዜ በመጠኑ ሰግዶ ይመክታል። የእርሱ ግን እስከ መጨረሻው ሰጠመና ግጭ አለ፤ የብስክሌቱ አፍንጫ ወደ መሬት ተደፋ፤ ጎማው ከአንድ ጠርዘኛ ድንጋይ ጋር ሲጋጠም የሚለዝብበት አንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ አልተረፈውም። መምህሩ በመሪው ላይ ተሻግሮ ወደቀ። ቀኝ የእጅ አንጓው ተሰበረ። ደብተሮቹን እረኞች ለቅመው፣ አቧራቸውን አራግፈው አመጡለት።

ያን ዕለት ማታ፣ እጁ በጀሶ ታስሮ፣ ለእናቱ ጠብታውን በግራ እጁ ለማድረግ ሞከረ። ሁለት ጊዜ ሳተ። በሦስተኛው የጎረቤት ልጅ ተጠርታ አደረገችላቸው። እናትየው ዐይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኸ ብረት አንተን ከሚሰብርብኝ የኔ ዐይን ቢጠፋ ይሻላል» አሉ። መምህሩ መልስ አልሰጠም። በማግሥቱ ግን በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ የሚከራይ ክፍል እንዳለ በስልክ አጠያየቀ።

ክፍሉን ከመያዙ በፊት ብስክሌቱን እየገፋ ወደ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄደ። ሰውየው ስድሳን የተሻገሩ፣ በወጣትነታቸው በአዲስ አበባና በደብረ ማርቆስ መካከል በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት የነበሩ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ሸለቆ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ በባለስትራ ጩኸት የሚያስታውሱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሞተር ብስክሌትና ብስክሌት ይጠግናሉ። መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ታች ገፉት። ሹካው ሰጠመ፤ ሲለቁትም እዚያው ቀረ።

«መምህር፣ ይኸ ሞቷል።»

«ጋሼ፣ ምንም ድምፅ አልነበረውም እኮ።»

«ባለስትራ ሲከፋው ይጮኻል። የሽቦ ሞላም ይንጫጫል። አየር ግን ዝም ብሎ ነው የሚሞት።»

የመጀመሪያው አሳብ ሹካውን አውልቆ በተለመደው የብረት ሹካ መተካት ነበር። ነገር ግን የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነው፤ ተራው ሹካ ደግሞ የዲስክ ፍሬን ማሠሪያ የለውም። በአጠገቡ የሚሠራ በያጅ፣ ሁለቱን ቱቦዎች ከታችኞቹ እግሮች ጋር በይዶ አንድ ወጥ ሊያደርጋቸው ፈቀደ፤ ዋጋውም ትንሽ ነበር። በዚህ ጊዜ መምህሩ በጀሶ የታሰረ እጁን ዘርግቶ ከለከለ። የታችኞቹ እግሮች የማግኒዚየም ቅይጥ ናቸው። እርሱ ራሱ በክፍል ውስጥ የማግኒዚየም ጥብጣብ እያቃጠለ ዐይን የሚወጋውን ነጭ ብርሃን ለተማሪዎቹ ያሳይ ነበርና፣ ይህ ማዕድን በተራ ብየዳ እንደማይያዝ፣ ብናኙም ከተቀጣጠለ ውኃ እንደማያጠፋው ያውቃል። በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ መልሶ ሄደ።

«እንግዲያስ እንክፈተዋ» አሉ መካኒኩ።

«ቢበላሽስ?»

«ከመሞት ወዲያ ምን ሊሆን?»

በዚህች አገር ብረት ያቀና እጅ ለብዙ ዘመን ሲሰደብ ኖሯል። ቀጥቃጩ ቡዳ ተብሏል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱትም ስድቡ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ቢያባርረውም ጥላው አልጠፋም፤ አንዳንዴም በትምህርት ቤት በር በኩል ይመለሳል። መምህሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ብስክሌቱ ይህን ሰውየ አንድ ነገር ጠይቆ አለማወቁ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ መጽሐፍ ያላነበበ ሰው ስለዚህ ዕቃ ምን ያውቃል የሚል ግምት ነበረው። መካኒኩም በበኩላቸው ጠመኔ የያዘ እጅ ካቻቢቴ መያዝ አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። ሁለቱም በከፊል ተሳስተዋል።

ጀሶ በታሰረበት ስድስት ሳምንት መምህሩ ስለ ሹካ ያገኘውን ሁሉ አነበበ። ካነበበው ሁሉ ደስ ያሰኘው የአንድ ቁልቁለት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ፣ ጥቂት ወጣቶች በአሮጌና ባለወፍራም ጎማ ብስክሌቶች ቁልቁል ይሽቀዳደሙበት የነበረው መንገድ «ሪፓክ» ይባል ነበር፤ እንደገና መሙላት ማለት ነው። ፔዳል ወደ ኋላ ሲገፋ የሚይዘው የኋላ ፍሬን ከቁልቁለቱ የተነሣ ግሎ፣ በውስጡ ያለው ግሪስ ጨሶ ስለሚያልቅ፣ ፍሬኑን ከፍቶ ግሪስ እንደገና መሙላት ግድ ይሆን ነበር። የተራራ ብስክሌት ውድድር ስሙን ያወጣበት የመጀመሪያው መንገድ እንግዲህ በጥገና ስም የተጠራ ነው። መካኒኩ ይህ ሲነገራቸው ሳቁ፤ የዐባይ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲጨስ የሚሸተው ሽታ ዛሬም ከአፍንጫቸው አልወጣም።

ባለቱቦው ሹካ ራሱ ከሞተር ብስክሌት የመጣ ነው። ቢ.ኤም.ደብሊው. የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1935 በዘይት የሚለዝብ ባለቱቦ ሹካ ያለው ሞተር ብስክሌት ለገበያ አውጥቶ ነበር። ነገሩ ወደ ብስክሌት እስኪሻገር ግማሽ ምዕት ዓመት ፈጀ፤ ፖል ተርነር የተባለ አሜሪካዊ ሮክሾክስን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ የተራራ ብስክሌት በኦሊምፒክ የታየው በ1996 በአትላንታ ነው። ኢትዮጵያም በብስክሌት እንግዳ አይደለችም። ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ውድድር ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር፤ በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ለመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በመካኒኮች አንደበት ያሉት ሞላ፣ ካቴና፣ ካቻቢቴ፣ ካላማዳሪያ ሁሉ የጣሊያን ቃላት መሆናቸውም የዚህ መንኮራኩር ታሪክ የተጻፈበት ሌላ ገጽ ነው።

ጀሶው ተፈትቶ ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ፣ በሰኔ መጨረሻ ላይ ሹካው ተከፈተ። መምህሩ ባነበበው ተማምኖ በቀጥታ የታችኛውን ብሎን ሊፈታ እጁን ሲሰድ መካኒኩ አንጓውን ያዙት፤ ያንኑ የተሰበረውን።

«መጀመሪያ ይተንፍስ።»

በረዳትነት ዘመናቸው አየር ያልወጣለት የጭነት መኪና ጎማ ሲፈታ የብረት ቀለበቱ ተፈናጥሮ ምን እንደሚያደርግ አይተዋል። ከሹካው ራስ ላይ ያለችውን ክዳን ከፍተው ቫልቮላውን በሚስማር ጫፍ ተጫኑት፤ ከሁለት ዓመት ያረጀ ትንሽ ትንፋሽ ፍስ ብሎ ወጣ። ከዚያ ብስክሌቱ ተገለበጠ። ከሁለቱ እግሮች ግርጌ ያሉት ብሎኖች ጥቂት ዙር ተፈቱ፤ በላያቸው ላይ በወይራ እንጨት ቀስ ብለው ሲመቷቸው ውስጠኛው ዘንግ ተላቀቀ፤ ብሎኖቹ ሲወጡም እግሮቹ ተሳቡ። በጣሳው ላይ የፈሰሰው ዘይት ሳይሆን የዋልካ ውኃ ነበር፤ ጥቁርና አሸዋ ያዘለ፣ የኩሬ ሽታ ያለው። በፓራኦሊው ሥር ዘይት ጠጥቶ ቱቦውን እንዲያረጥብ የተቀመጠው የስፖንጅ ቀለበት እንደ ጡብ ደርቋል።

ስፖንጁ ታጠበ። ቱቦዎቹ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ተወለወሉ፤ ብናኝ የማይተው ጨርቅ ያ ነውና። የፓራኦሊው ከንፈር ተጸድቶ ጎማ የማይበላ ግሪስ ተቀባ። ሌላው የዘይት ክፍል፣ ማለትም ሞላውን የሚገታው፣ ደህና ስለ ነበረ አልተነካም፤ ይህ ብዙ ትዕግሥትና ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በዚህ ጊዜ ክርክር ተነሣ። መካኒኩ የሞተር ብስክሌት ሹካ ሲሞሉ የኖሩ ሰው ናቸውና ዘይቱን በጠርሙስ ሊያፈሱ አዘነበሉ። መምህሩ ግን በስሪንጅ ለየእግሩ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ቀዳ። ከአንድ ሲኒ ቡና ስድስተኛ እጅ እንኳ አይሞላም። መካኒኩ አላመኑም።

«ይችማ ለቅብዐ ቅዱስም አትበቃ።»

«ጋሼ፣ ይህ ዘይት ቱቦውን ለማርጠብ ነው እንጂ ሸክም ለመቻል አይደለም። ከበዛ አየር የሚታመቅበትን ቦታ ይይዛል፤ ሹካው ሙሉ መንገዱን አይሄድም፤ ፓራኦሊውንም ይገፈትረዋል።»

ሰውየው ጥቂት አሰቡና ጠርሙሱን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተከራከሩም፤ ለሌሎች ደንበኞች ሲያስረዱ ግን «በስሪንጅ ነው የሚጠጣ» ማለት ጀመሩ።

በአንደኛው ቱቦ ላይ አቧራ የፋቀው ጭረት ተገኘ። ጥፍር ያዝ ያደርጋል። ጭረት ያለበት ቱቦ በወጣና በገባ ቁጥር ፓራኦሊውን እንደ ቢላ ይከረክመዋል፤ በዚያው መንገድ ዘይት ይወጣል፣ ጭቃ ይገባል። ትክክለኛው መፍትሔ ቱቦውን መለወጥ ነው፤ ያ ግን አልነበረም። ጠብታ የምታደርገው የጎረቤት ልጅ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ሰጠች። በስንጥር ጫፍ እየተጨለፈ ጭረቱ ተሞላ፤ ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተስተካከለ። ጠቢባን ብስክሌተኞች በሌላውም ዓለም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም።

ከዚያ ከመሳቢያው ያች ትንሽ ፖምፓ ወጣች። ጎማ መንፋት ያቃታት ለዚህ ስላልተሠራች ነው። የሹካው የአየር ጓዳ ጠባብ ነው፤ ጥቂት አየር ብዙ ግፊት ያስነሣል፤ የጎማ ፖምፓ አንድ ጊዜ ሲገፋ ልኩን አልፎ ይሄዳል፣ ሲነቀልም ግማሹን ይለቃል። ልኩን ለማወቅ መምህሩ በመንገድ ዳር ሚዛን ይዞ ከሚቀመጥ ልጅ ዘንድ ሄዶ ብቻውን 61 ኪሎ፣ ቦርሳውን አዝሎ 67 ኪሎ ተመዘነ። መሠረቱ የሁለተኛው ቍጥር ነው፤ ቁልቁለቱን የሚወርደው ከደብተሮቹ ጋር ነውና። የተናቀችው የላስቲክ ቀለበትም ሥራዋ ታወቀ። ጋላቢው በቀስታ ሲቀመጥ ሹካው ሰጥሞ ቀለበቷን ይገፋታል፤ ሲወርድ ቀለበቷ የደረሰችበት ቦታ ትቀራለች። ሹካው የሚሄደው 100 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ስጥመቱ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ይህ ትርፍ ሆኖ የቀረ ቦታ አይደለም፤ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚዘረጋበት ነው። መካኒኩ ግንብ ደግፈው ያዙት፣ እርሱ ወጣ፣ ወረደ፣ ተለካ፤ በ60 ፒ.ኤስ.አይ. ስጥመቱ 31፣ በ68 ደግሞ 24 ሆነ፤ በ72 ቀለበቷ 20 ላይ ቆመች።

የሳይንስ መምህር በመሆኑ አንድ ነገር አላስተኛውም። መለኪያው የሚያሳየው በውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በደብረ ማርቆስ ከፍታ የውጩ አየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ወንድሙ ባሕር አጠገብ ሞልቶ የላከው ሹካ እዚህ ሲደርስ አንድ ትንፋሽ ሳይጨመርበት ሦስት ፒ.ኤስ.አይ. ተኩል ያህል ጠንክሮ ይገኛል። ይህ ለጋላቢው ብዙም አይሰማም፤ በመስከረም ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች የአየር ግፊትን ሲያስተምር ግን ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ ይህን ወሰደ።

የኤሊና የጥንቸሏ ቁልፍ የመጨረሻው ሥራ ነበር። ቁልፉ ሹካው ከሰጠመ በኋላ የሚመለስበትን ፍጥነት ይወስናል። ወደ ጥንቸሏ እጅግ ሲዞር መሪው እጅን ይገፈትራል። ወደ ኤሊው እጅግ ሲዞር ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ የባሰ ነገር ይመጣል፤ ቆርቆሮ መሳዩ ሞገድ ላይ ሹካው ከመጀመሪያው ምት ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል፣ ከዚያም ሦስተኛው፣ እያለ እያለ ተኮማትሮ እንደ ሞተው ሹካ ይደነድናል። መምህሩ ቁልፉን እስከ ኤሊው ጥግ ዘግቶ፣ ቀጭ ቀጭ ስትል እየቆጠረ እስከ ጥንቸሏ ከፈተ፤ መካከሉን ያዘ። ከዚያ በኋላ ከከተማው መውጫ ያለውን አንድ መቶ ሜትር ሞገዳማ መንገድ ከጠዋት እስከ ቀትር ደጋግሞ ወረደ፤ በየጊዜው አንዲት ቀጭታ ወዲህ ወይም ወዲያ። ልጆች ከኋላው እየሮጡ ቆጠሩለት። መካኒኩ ከቆርቆሮው ጥላ ወጥተው ቆመው አዩ፤ በስምንተኛው ጊዜ ይሁን በዘጠነኛው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አምራቾች የታችኛው ዘይትና ስፖንጅ በ50 የጉዞ ሰዓት አንድ ጊዜ እንዲታይ ይመክራሉ። የመምህሩ መንገድ ለመውጣት አንድ ሰዓት፣ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ስለዚህ ሰባት ሳምንት ሳይሞላ ተራው ይደርሳል። መካኒኩ ቀኑን በሱቃቸው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጻፉት። ጠመኔውን መምህሩ ነበር ያመጣላቸው።

ትምህርት በመስከረም 2012 ዓ.ም. ሲከፈት፣ የሚከራየው ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። መምህሩ በየማታው ወረደ። እናትየው ብስክሌቱን አሁንም አልወደዱትም፤ ነገር ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው ለጠብታው ከመዘጋጀታቸው በፊት «አየሩ አለ?» ብለው የሚጠይቁ ሆኑ። «አለ» ሲላቸው ዐይናቸውን ይከፍታሉ።

ወንድሙ የሚልከው አዲስ ፓራኦሊ በኅዳርም ገና አልደረሰም ነበር። የጥፍር ቀለሙ ከጭረቱ ጠርዝ መላቀቅ ጀምሯል። መምህሩ በየእሑዱ ግፊቱን ለክቶ በደብተር ይጽፍ ነበር፤ ቍጥሩ በየሳምንቱ ሲወርድ ባየ ጊዜም ሹካው እንደገና ሊሞትበት ነው ብሎ ተጨነቀ። በኋላ ግን ሌላ ነገር ጠረጠረ፤ ፖምፓይቱ በተገጠመች ቁጥር ቧንቧዋ ራሷ ከሹካው ጥቂት አየር ትጠጣለች። ከጎደለው ምን ያህሉ የጭረቱ፣ ምን ያህሉ የመለኪያው እንደሆነ ለመለየት አንድ ሳምንት ፖምፓይቱን ሳያገናኝ፣ በቀለበቷ ብቻ ሊፈርድ ወሰነ። በደብተሩ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦

ኅዳር 7፦ 72።
ኅዳር 14፦ 70።
ኅዳር 21፦ 68፤ ወደ 72 ተሞላ።
ኅዳር 28፦ አልተለካም። ቀለበቷ 21 ሚሊ ሜትር ላይ።